ሱፐርቻርጀር መፍታቱ ቀላል ነው፣ ሥራው የፋብሪካውን መመለሱ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ የመኪና አምዳችሁ ላይ «ሱፐርቻርጀር ያለው መኪናዬ ነዳጅ ፈጀብኝ» ላለ አንባቢ የሰጣችሁትን ምክር አነበብኩ። «አስፈትተህ የፋብሪካውን ማኒፎልድ አስመልስ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» ብላችሁ ዘጋችሁት። ማኒፎልድ ማለት አየሩን ወደየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ቱቦ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ የምሠራ መካኒክ ነኝ። ምክሩ ስህተት ነው አልልም። ግን ግማሹ ቀርቷል፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ሰው ሊገድል የሚችለው ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልበል። ሱፐርቻርጀር አየር እየጨመቀ ለሞተር የሚያጎርስ ማሽን ነው። ቱርቦ የሚሽከረከረው በጭሱ ግፊት ነው፣ ሱፐርቻርጀር ግን በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ይዞራል። እኛ ጋ ቱርቦን ሹፌሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሱፐርቻርጀር ግን አልፎ አልፎ ነው የሚታየው፤ ብዙ ጊዜ ዲያስፖራ ይዞት በመጣ ወይም ከዱባይ በገባ የቤንዚን መኪና ላይ። እኔ እጅ የገባው ባለ 3.4 ሊትር ቪ6 ቶዮታ ፎር ራነር ነው። እዚህ ሞተር ላይ ሱፐርቻርጀሩ የሚገባው የላይኛው ማኒፎልድ ተነስቶ በሱ ቦታ ነው። ስለዚህ ሲወጣ ሞተሩ አናቱ ክፍት ይቀራል፣ የድሮው ማኒፎልድ የግድ መገኘት አለበት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንተማመን። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣርማበር ከ3,000 ያልፋል። የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ያ ፎር ራነር ከፋብሪካ ሲወጣ 183 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ እኛ ጋ ሲደርስ ያለ ሱፐርቻርጀር ቢቀረው 135 ገደማ ነው። ለመንገድ የሚገጠም መጠነኛ ሱፐርቻርጀር የአየሩን ግፊት ወደ 1.4 እጥፍ ያደርሰዋል። እንግዲህ አስሉት፤ እዚህ አገር ማሽኑ ተራራው የወሰደውን ነው የሚመልሰው እንጂ መኪናውን የእሽቅድድም አያደርገውም። አስፈትተው ሲያበቁ «ሞተሩ ደከመብኝ» ብለው የሚመጡ አሉ። ሞተሩ አልደከመም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ስለሆኑ ነው እላቸዋለሁ።

ለማስፈታት ምክንያት የለም ማለቴ አይደለም። የሱፐርቻርጀሩ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ብረት) መጮህ ሲጀምር መለዋወጫው አይገኝም። ማደያዎቻችን ደግሞ ቤንዚን ወይ ናፍጣ ነው የሚሉት፣ ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይነድ የሚችልበትን ደረጃ) መርጦ መቅዳት የሚባል ነገር የለም። ደብረ ብርሃን ላይ ዝም ብሎ የዋለው ሞተር ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ እዚያ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ አየሩም ስለሚበዛለት ሙቀቱም ስላለ፣ ዳገት ላይ ሲረገጥ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ነዳጁ ያለጊዜው እየነደደ ብረት ሲመታ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ሞተር እያንኳኳ ከመንዳት ቢፈታ እኔም እመርጣለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ሁሉም ያለውን አሮጌ መኪና ነው የሚያድሰው። ይኼ ጥያቄ ገና ይበዛል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ማሽኑ ይወጣና ከማሽኑ ጋር የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ሱፐርቻርጀር ሲገጠም ብዙ ጊዜ ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮች በትልልቅ ይቀየራሉ፣ ወይ የሞተሩን ኮምፒዩተር የምታታልል ትንሽ ሳጥን ትገባለች። ማሽኑ ወጥቶ እነዚህ ከቀሩ ሞተሩ ለሌለ አየር ነዳጅ ይቀበላል። ኮምፒዩተሩ ጭሱን በሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር እያየ ለመቀነስ ይሞክራል፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ግን ጥቁር ጭስ ይመጣል፣ ቤንዚን ይሸታል፣ ፍጆታውም ከፊቱ ይብሳል። ጠያቂያችሁ ነዳጅ ለመቆጠብ ነበር አይደል?

ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላም አለ። ከሱፐርቻርጀር ጋር የሚገባው ካንዴላ ቀዝቃዛ የሚባለው ነው፣ ሙቀት ቶሎ የሚያወጣው። በኤንጂኬ አቆጣጠር 5 የነበረው 6 ይሆናል፣ በዴንሶ 16 የነበረው 20። ማሽኑ ሲወጣ ወደ ድሮው ካልተመለሰ ካንዴላው ጥቀርሻውን አቃጥሎ የማጽዳት ሙቀት አያገኝም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ አንድ ሲሊንደር እየዘለለ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ ባትሪ ይለውጣል፣ የቤንዚን ፓምፕ ይለውጣል። ስንፈታው ካንዴላው ከሰል መስሏል።

ማኒፎልዱን መልሶ የመግጠሙ ሥራ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሱፐርቻርጀሩ ሲነሳ ከታች ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ቀጥታ ወደ ቫልቭ የሚወስዱ ናቸው። አንዲት ዳዶ ከገባች ቴስታታውን (የሞተሩን አናት) መፍታት ሊመጣ ነው። ጨርቅ ይወተፋል፣ ጨርቁ ደግሞ ሲገጠም ተቆጥሮ ይወጣል (ጨርቅ ማኒፎልድ ውስጥ ረስቶ የገጠመ ሰው አውቃለሁ፣ እኔ አይደለሁም)። ፊቱ በፕላስቲክ መፋቂያ ይጸዳል እንጂ በካቻቪቴ አይፋቅም፤ አሉሚኒየም ነው፣ ከተቧጨረ አየር ያስገባል። በሁለቱ ብረቶች መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አዲስ ይሁን። እዚህ አገር ጓርኒሲዮን ሲጠፋ ሲልኮን መለቅለቅ ልማድ ሆኗል። ሲልኮን የቤንዚን ትነት አይችልም፣ እየተላጠ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ የማይሆነው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ትነቱ የኦክስጅን ሴንሰሩን ያበላሻል። ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በዙር በዙር ይጠብቃሉ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደሚቀጥለው መሄድ ማኒፎልዱን ያጣምመዋል።

ከየትም አየር ከገባ በሚኒሞው፣ ሞተሩ ሳይረገጥ በሚዞረው ዙር፣ ይታወቃል። ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ሊጠፋ ይደርሳል። ቀዳዳውን ለመፈለግ በሲሪንጅ ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ የጋለ የጭስ ማውጫ አጠገብ ቤንዚን መርጨት ምን የሚሉት ሥራ ነው? ስካነር ያለው ሰው ኮምፒዩተሩ ነዳጅ ምን ያህል እየጨመረ እንደሆነ ያይ። በሚኒሞ ብዙ እየጨመረ፣ ሞተሩ ሲረገጥ ወደ ትክክለኛው ከተመለሰ አየር እያስገባ ነው ማለት ነው። ከካርተር (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ቤት) ትነት የሚመልሰውን ቱቦም አትርሱት። ሱፐርቻርጀር ሲገጠም መንገዱ ይቀየራል፤ ሲፈታ ዝም ብሎ ከተደፈነ ካርተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱ በየጎማው ማተሚያ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ፍሬኑ። የፍሬን ፔዳል የሚለሰልሰው ማኒፎልዱ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ባዶነት ነው። ከፔዳሉ ፊት ያለው ትልቁ ክብ ጣሳ፣ ሰርቮ የምንለው፣ በአንድ ወፍራም የጎማ ቱቦ ከማኒፎልዱ ጋር ይገናኛል። ማኒፎልድ ሲቀየር ይህ ጎማ የግድ ይነቀላል፣ የግድ ይመለሳል።

አንድ ደንበኛዬ ሌላ ቦታ ሱፐርቻርጀሩን አስፈትቶ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ሲሄድ እኛን አልፎ ነበር። የጣርማበርን ዋሻ ጨርሶ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ሲጀምር ፔዳሉ ደረቀበት። እንደምንም ዳር ይዞ ቆመ፣ ሞተሩ ሲበርድለት በአንደኛ ማርሽ አዙሮ ተመለሰ። «ጋሼ፣ ፍሬኑ ድንጋይ ሆነብኝ፣ በሁለት እግሬ ነው የቆምኩበት» አለኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ሳየው የሰርቮው ጎማ ክብ ነው፣ ማሰሪያው ፋሼታም ጥብቅ። ሞተሩን አስነስቼ በደንብ እስኪግል ጠበቅኩ። ከዚያ ከፍ አድርጌ ረግጬ ስለቀው ጎማው ዓይኔ እያየ ጠፍጣፋ ሆነ። የራዲያተር ውሃ ጎማ ነበር የገጠሙለት። ያ ጎማ ከውስጥ የሚገፋ እንጂ ከውስጥ የሚስብ ነገር አይችልም። ብርድ ላይ ጋራዥ ውስጥ ሲሞከር ደህና ነው። ቁልቁለት ላይ ግን እግር ከቤንዚን ላይ ሲነሳ መሳቡ በጣም ይበረታል፣ ጎማውም ግሎ ለስልሷል፣ ይጣበቃል። ፍሬን በሚፈለግበት ሰዓት ማለት ነው። የሠሩለትን ጋራዥ ስም አልጠራም፣ ምናልባት ራሳቸው ሲያነቡት ያውቁታል።

ይኼ ሁሉ ደህና ቢሆን እንኳ ከፍታው ራሱ ፍሬኑን ይቀንሳል። ሰርቮው የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና በውስጡ ባዶነት ልዩነት ነው። ጣርማበር ላይ የውጭው ግፊት አነስተኛ ስለሆነ እገዛውም ያንሳል። ስለዚህ ማኒፎልድ አስቀይሮ የወጣ ሰው ሁሉ ይቺን ያድርግ። ሞተሩ እንዲግል ይንዳው፣ ያጥፋው፣ ፔዳሉን እስኪደርቅ ደጋግሞ ይርገጥ። እግሩን ሳያነሳ ሞተሩን ያስነሳ። ፔዳሉ ትንሽ መስመጥ አለበት። ካልሰመጠ ከደብረ ብርሃን አይውጣ። የሚቻል ከሆነ ኮፈኑ ተከፍቶ ሌላ ሰው ጎማውን እያየ ሞተሩ ተረግጦ ይለቀቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመርሴዲስ ኮምፕሬሰር ያላችሁ ሰዎች ይኼ ምክር አይመለከታችሁም። እሱ ከፋብሪካው ሱፐርቻርጀር ይዞ ነው የወጣው፣ የምትመለሱበት «የድሮ» የለም። ሞተሩ ራሱ ለተጨመቀ አየር ነው የተሠራው፤ ከተፈታ ዳገቱን የማይችል መኪና ነው የሚተርፋችሁ። እሱ ይጠገናል እንጂ አይፈታም።

ለጠያቂያችሁ ደግሞ፦ መጀመሪያ መኪናውን የሸጠልህን ሰው ጠይቅ፣ የድሮው ማኒፎልድ፣ ኢንጀክተሮቹና አጭሩ ቺንጋ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ከሌሉ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ፈልግ፤ ያው ባለ 3.4 ሞተር ሰርፍ ላይም ፕራዶ ላይም ስላለ ከነሱ የወጣ ሊገጥም ይችላል፣ ግን ከመክፈልህ በፊት የቱቦ መውጫዎቹንና የጭስ መመለሻ ቀዳዳውን ከራስህ መኪና ጋር አመሳክር። ዕቃው ሁሉ በእጅህ እስኪገባ ሱፐርቻርጀሩን ማንም አይንካው። የወጣውንም ማሽን ጋራዥ ጥለኸው አትምጣ፣ ገዢ አለው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መካኒክ፣ ከደብረ ብርሃን