ለትዕግሥት፣ ከፍኖተ ሰላም

ውድ ትዕግሥት፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጅሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። መንገዱም ኔትወርኩም ሲቆራረጥ ከርሞ፣ ይኸው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ባገኝ ብዕሬን አነሣሁ።

ልጅሽ ሦስት ዓመት ሞላት አሉኝ። እንግዲህ ሳትጠይቂኝ ልመክርሽ ነው፤ ታውቂኛለሽ። ፊደል ከማስቆጠርሽ በፊት መጽሐፍ አንብቢላት። ገና ናት እንዳትዪኝ፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ያወጣው ምክር እንኳ ንባቡ ከጨቅላነት ይጀመር የሚል ነው።

እኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሲከፈት ማታ ማታ ለልጄ ማንበብ ያዝሁ፤ እንዲያው ለጊዜ ማሳለፊያ። አንድ ቀን ድመቷ ጎተራው ሥር ተጋድማ አይጥ ስትጠብቅ አይቶ «እማዬ ዝም በይ፣ አድፍጣለች» አይለኝ መሰለሽ! እኛ ቤት «ተደብቃለች» ነው የሚባለው፤ ያንን ያመጣው ከነብሩ ታሪክ ነው። የቤት ወሬ «ብላ፣ ተኛ፣ ተው» ከማለት ብዙም አያልፍም፤ የልጆች መጽሐፍ ግን ትንሹም ቢሆን በዕለት ንግግር የማይነሡ ቃላት አሉት። ፊደላችን ደግሞ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ኋላ ራሷ ስታነብ «አለ» የሚለው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ቶሎ የሚለይላት፣ ዓረፍተ ነገር መስማት የለመደ ጆሮ ካላት ነው።

ብቻ እንደ ዳዊት ደጋሚ በአንድ ትንፋሽ አትውረጂው። ቆም እያልሽ «ቀጥሎ ምን የሚመጣ ይመስልሻል?» በያት። «ፍየል» ካለችሽ «አዎ፣ ቀንዳም ጥቁር ፍየል» ብለሽ ጨምሪበት። ትልቁ ጥቅም ከዚህ ምልልስ ነው ባይ ነኝ። ያንኑ መጽሐፍ ደጋግማ ብታመጣም አትከልክያት፤ አዲስ ቃል የሚጸናው በድግግሞሽ ነው። (እኔ የጦጣዋን ታሪክ በቃሌ ይዤ ተንገሽግሻለሁ።)

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥዕሉን እየገለጠች የራሷን ተረት ታወራለታለች። በቀደም ነብሩን ቡሬ ገበያ አወጣችው። ልጁ «አያቴ፣ እንዲህ አይልም!» ብሎ ቢቆጣት፣ «አንተስ መቼ ማንበብ ቻልህና?» አለችው። ከዚያ ሁለቱም ነብሩ ምን እንደ ገዛ ሲከራከሩ አመሹ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሰው ሰንብቶ ይመለሳል። መጽሐፍ እዚህ እንደ ልብ አይገኝምና አንድ ሁለት የልጆች ተረት ስጪው። ጦጣ የሌለበት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ያንቺው አልማዝ