የፊልም ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የአእምሮ ሕመም በፊልም

ዘንድሮ ክበባችን ፊልሞች የአእምሮ ሕመምንና ሕክምናውን እንዴት እንደሚያሳዩ ሲመረምር ከረመ። ርዕሱን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። መጀመሪያ የአገራችንን ድራማዎች አየን። ባየናቸው ውስጥ ታማሚው ወይ ቡትቶ ለብሶ ያስቃል፣ ወይ ድንጋይ ይወረውራል። መድኃኒቱን እየወሰደ ሥራውን የሚሠራ፣ ልጆቹን የሚያሳድግ ታማሚ ፈልገን አጣን። ይህ በጣም አሳዘነኝ።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ክርክሩ ጦፈ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከወጣው «ዋን ፍሊው ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» የተመረጡ ትዕይንቶችን አሳየሁ። ፊልሙ የተቀረፀው ኦሪገን ውስጥ በእውነተኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነው። ሐኪሙን ሆነው የተወኑትም የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ዲን ብሩክስ ናቸው። ጃክ ኒኮልሰን የሚጫወተው ማክመርፊ ስለተደባደበ «ሕክምና» ተብሎ ጭንቅላቱ ላይ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። ማደንዘዣ የለም፣ ሰዎች ጨምድደው ይዘውታል። ልጆቹ ክው አሉ። «አሁንም እንዲህ ነው እንዴ?» የማይል አልነበረም።

መልሱን ከባለሙያ እንዲሰሙ ብለን የአእምሮ ሕክምና ነርስ የሆኑ አንዲት ወላጅ ጋበዝን። የኤሌክትሪክ ሕክምናው ድሮ ያለ ማደንዘዣ ይሰጥ እንደነበር አልደበቁም። ዛሬ ግን ታካሚው ማደንዘዣና ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ተሰጥቶት፣ እንቅልፍ ወስዶት ነው የሚታከመው። በተለይ ለከባድ ድብርት ይረዳል። ስለ ጸበልም ተጠየቁ፤ የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ እንደሌለበት አጥብቀው ነገሩን።

ቀጥሎ ስለ ሒሳብ ሊቁ ጆን ናሽ የተሠራውን «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» አየን። በፊልሙ ናሽ የሌሉ ሰዎችን ያያል፤ እውነተኛው ናሽ ግን ይሰማው የነበረው ድምፅ ነው። የፊልሙ ናሽ ለኖቤል ሲታጭ አዳዲስ መድኃኒት እንደሚወስድ ይናገራል። እውነተኛው በ1994 ሲሸለም መድኃኒት ካቆመ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ግማሹ ክበብ «ዋሽተዋል» አለ። ሌላው ግማሽ ደግሞ ፊልሙ እውነቱን ቢያሳይና አንድ ታማሚ አይቶት መድኃኒቱን ቢያቆምስ ብሎ ተከራከረ። ስጋቱ ይገባኛል፤ እንደ ናሽ መድኃኒት ሳይወስድ የሚሻለው ሁሉም አይደለም። ቢሆንም የእውነተኛ ሰው ስም የያዘ ፊልም እውነቱን ቢነግረን እመርጣለሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ በስልክ አጭር ፊልም ሠሩ። ድብርት የያዛት ተማሪ ታክማ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ጓደኞቿ ያመለጣትን የፊዚክስ ኖት ይሰጧታል። ሙዚቃና ለቅሶ እናስገባ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ራሳቸው ጣሉት። በዚህ ውሳኔያቸው ኮርቻለሁ። ለመጪው ዓመት የመረጡት ርዕስ ሱስ ነው።