የድሬዳዋ ኮድ የሚባል የለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ዕለት ጀርመን ያለችው የወንድሜ ልጅ ደውላ «ጋሼ፣ ለበዓሉ ትንሽ ልልክልዎት ነው፤ የባንክዎን የስዊፍት ኮድ ይንገሩኝ» አለችኝ፤ ከውጭ ገንዘብ ሲላክ ተቀባዩ ባንክ የሚለይበት ኮድ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወዳለው የባንኬ ቅርንጫፍ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የገቢ ደረሰኝ ገልብጣ በጀርባው ስምንት የላቲን ፊደላት ጻፈችልኝ። መነጽሬን አድርጌ ሳየው መጨረሻው ላይ ሁለት «ኤ» ተደርድሯል።

«ይህ የአዲስ አበባው ነው፤ የድሬዳዋውን ስጪኝ እንጂ!» አልኳት። ድሬዳዋ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባንክ የነበራት ከተማ ናትና የራሷ ኮድ አይኖራትም ብዬ አልጠረጠርኩም። ልጅቱም ሽማግሌ ላለማስቀየም ይመስለኛል፣ የቅርንጫፉን የውስጥ መለያ ሦስት አኃዝ ከኋላ ቀጥላ «ይኸው አባባ» አለችኝ። የጀርመኑ ባንክ «እንዲህ ያለ ኮድ የለም» ብሎ መለሰው። ገንዘቡ እጄ የገባው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው፤ በጉን በዱቤ ነበር የገዛሁት።

ኋላ እንደተረዳሁት፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ባንኩን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ አገሩን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ባንኩ የተመዘገበበትን ቦታ ይነግራሉ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ብንወስድ (የእኔ ባንክ እሱ አይደለም) «ሲቢኢቲ፣ ኢቲ፣ ኤኤ» ነው። ሂሳቡ ሐረር ተከፈተ ጎንደር ያንኑ መስጠት ይበቃል፤ የእርስዎን ገንዘብ ከሌላው የሚለየው የሂሳብ ቁጥርዎ ነው። ቅርንጫፍ የሚለይበት፣ ፊደልና አኃዙ ተደምሮ 11 የሆነ ኮድም በዓለም አለ፤ ግን ተመዝግቦ የሚታወቅ እንጂ በመስኮት ላይ የሚቀጠል አይደለም።

ልጅቱን አልወቅስም፤ ማን አስተማራት? «በባንክ ላኩ፣ በጥቁር ገበያ አትላኩ» እየተባልን በየቀኑ እንመከራለን። የሰፈራችን የሐዋላ ሰው ግን ስምና ስልክ ብቻ ጠይቆ በማግስቱ ቤት ድረስ ያመጣል። ከእሱ ጋር የሚፎካከር ባንክ ቢያንስ ስምንት ፊደላት አስተካክሎ ቢሰጠን ምን ነበረበት?

የቁጠባ ደብተሬ ሽፋን ላይ የባንኩ መፈክር በወርቃማ ቀለም ታትሟል፤ ኮዱ የትም የለም። ስሜ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተመዘገበም አይታይም፤ ላኪዋ አንድ ፊደል ብትስት ሌላ ምልልስ ነው። ደብተሩን እንደገና ማሳተም ከከበዳቸው፣ ቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ የምንዛሪ ተመን ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከሥሩ አንድ መስመር የሚያስጽፍ ባዶ ቦታ አለ፤ ወረፋ ስጠብቅ አይቼዋለሁ።

የከዚራ ነዋሪ፣ ድሬዳዋ