የወደቀው ሠራተኛ የት ይመዝገብ?

ይድረስ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ጉዳዩ፦ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትና በሽታ ከሕክምና ተቋማትም እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

አዲስ አበባ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከፖንቴ (ለግንባታ ከሚቆመው መወጣጫ) የወደቀ፣ ፌሮ የወጋው፣ ማሽን እጁን የያዘው የቀን ሠራተኛ ሳላይ የማሳልፈው ሳምንት የለም ማለት ይቻላል።

ብዙውን ጊዜ ጓደኞቹ ተሸክመውት ይመጣሉ። ፀጉሩ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። እግሩ ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ ነው። "ምን ሆነህ ነው?" ስለው መጀመሪያ አብሮት የመጣውን ካቦ፣ ማለትም የሥራ አለቃውን ያያል። ከዚያ "ቤት ውስጥ ከደረጃ ወድቄ ነው" ይላል። ምን ይበል? የሕክምናውን የሚከፍልለት ያ ሰው ነው፤ ሲድን ሥራ የሚሰጠውም እሱ ነው። ካርዱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ "የእግር ስብራት" ተብሎ ይሞላል። ምን እንደሚሠራና የት እንደተጎዳ የሚጠይቅ ቦታ ግን እኔ በሞላኋቸው ካርዶች ላይ አላጋጠመኝም።

ሕግ የለንም እያልኩ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ላይ አደጋንና በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን እንዲመዘግብ፣ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎትም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። መልካም ነው። ግን መዝጋቢው ራሱ የሚጠየቀው ሰው ነው። ዋናው ተቋራጭ ሥራውን ለንዑስ ተቋራጭ ይሰጣል፤ ንዑሱ ለካቦ ይሰጣል፤ ካቦው ደግሞ ጠዋት ከመንገድ ዳር ሰው ሰብስቦ ይገባል። ልጁ ሲወድቅ ሦስቱም "የኔ ሠራተኛ አይደለም" ይላሉ። አዋጁ ግን የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም። በቃል የተቀጠረውም ሠራተኛ ነው።

ሳይመዘገብ የቀረ ሰው ገንዘቡንም ያጣል። በሥራ ላይ ጉዳት ለጊዜው መሥራት ላቃተው ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ክፍያ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ ቀሪዎቹን 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ክፍያ ሕጉ ይሰጠዋል። ሥራ ላይ መጎዳቱን በምን ያስረዳ? ያለው ወረቀት የኔ ካርድ ነው። ካርዱ ደግሞ ስለ ሥራው አንድም ቃል አይናገርም።

የበሽታው ነገር ከዚህም ይብሳል። ስብራት ቢያንስ ይታያል። የጥጥ ብናኝ ሲተነፍስ የኖረን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ አስቡት። እሁድ አርፎ ሰኞ ሲገባ ደረቱ ይጨንቀዋል። ሳምንቱ ሲገፋ ቀለል ይለዋል። ብርድ መስሎት ዝንጅብል አፍልቶ ይጠጣል። ጤና ጣቢያ ቢሄድም ሥራውን የሚጠይቀው ካላገኘ የሳል መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ዓመታት ሲያልፉ ጭንቀቱ በዕረፍት ቀንም የማይለቀው ይሆናል። ያኔ ሳንባው ተጎድቷል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በዓመት 2.93 ሚሊዮን ሰዎች ከሥራ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞታሉ። ከእነዚህ 2.6 ሚሊዮን የሚሆኑት የሚሞቱት በበሽታ ነው። አደጋን ብቻ የሚቆጥር አገር አብዛኛውን ሟች አያየውም።

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ከ300 ዓመት በፊት ሐኪሞች በሽተኛውን "ሥራህ ምንድን ነው?" ብለው እንዲጠይቁ መክሮ ነበር። እኔም የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋግራችሁ በድንገተኛና በተመላላሽ ክፍሎች ካርድ ላይ ሁለት ጥያቄ አስገቡ፦ ምን ትሠራለህ? የተጎዳኸው ወይም ሕመሙ የጀመረህ ሥራ ላይ ነው? መልሱ ያለ ታካሚው ስም በየወሩ ለተቆጣጣሪዎቻችሁ ይድረስ። ከአንድ አካባቢ ከፖንቴ የወደቁ ሰዎች ሲደጋገሙ ተቆጣጣሪው ወደዚያ ይሂድ፤ ቀጣዩ ሰው ሳይወድቅ።

አንድ ነገር አደራ። ብዙ ጉዳት የመዘገበ ድርጅት ሁሉ አጥፊ ተደርጎ እንዳይታይ። እንደዚያ ከሆነ ሁሉም ይደብቃል። ቅጣቱ የደበቀው ላይ ይጠንክር። "ሥራ ላይ ነው የወደቅኩት" በማለቱ ብቻ የተባረረ ሠራተኛም የሚያመለክትበት፣ ቶሎ መልስ የሚያገኝበት ስልክ ይኑረው። ይህ ካልሆነ ጥያቄውን ካርዱ ላይ ብንጨምርም ልጁ ካቦውን አይቶ "ቤት ነው የወደቅኩት" ማለቱን ይቀጥላል።

አገሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ አዳርሱ አልልም። ከአዲስ አበባ ድንገተኛ ክፍሎችና ከግንባታ ዘርፉ ይጀመር። እኔ ነገ ጠዋት ተረኛ ነኝ። መጠየቅ አይከብደኝም፤ መልሱን የምጽፍበት ቅጽና የምልክበት ቦታ ግን ከእናንተ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ አዲስ አበባ