የረጅሙን ሽቦ ቅጂ ከማዳመጣችን በፊት

የተከበራችሁ የማዳመጫ ክበባችን አባላት፣

በሚቀጥለው ስብሰባችን የምናዳምጠው አሜሪካዊው አቀናባሪ አልቪን ሉሲየር እ.ኤ.አ. በ1977 የፈጠረውን «ሚውዚክ ኦን ኤ ሎንግ ቲን ዋየር» («ሙዚቃ በረጅም ቀጭን ሽቦ ላይ») የተሰኘ ሥራ የድምፅ ቅጂ ነው። ሥራው በአዳራሽ ውስጥ የሚተከል ነው፤ ቀጭን ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ይወጠርና ከአምፕሊፋየር ጋር ይያያዛል፣ በአንድ ወገን ደግሞ ትልቅ ማግኔት ይደረግለታል። ከኦሲሌተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሞገድ ከሚያመነጭ መሣሪያ፣ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ከማግኔቱ ኃይል ጋር ሲገናኝ ሽቦው ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረቱንም ሽቦው ባረፈባቸው ድጋፎች ላይ የተገጠሙ ማይክሮፎኖች ይቀበሉታል።

ቅጂው የተወሰደው በ1979 ኒውዮርክ በሚገኘው የቀድሞ ጉምሩክ ሕንፃ ክብ አዳራሽ ሲሆን፣ የሽቦው ርዝመት 80 ጫማ፣ ማለትም 24 ሜትር ያህል ነበር። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ፣ ኦሲሌተሩ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ ማንም ሳይነካው፣ የአየር እንቅስቃሴ፣ የሙቀት ለውጥና የሰው መቅረብ እንኳ ድምፁን ሊለዋውጡት መቻላቸው ነው።

እርግጥ ነው፣ ቅጂ ቦታውን አይተካም፤ በአዳራሹ የተገኘ ሰው ወደ ሽቦው ቀርቦ፣ ርቆና ዞሮ ማዳመጥ ይችል ነበር፣ እኛ የምንሰማው ግን ማይክሮፎኖቹ የያዙትን ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ቤታችሁ ስትሞክሩት በስልክ ሳይሆን በሁለት ስፒከር እንድታዳምጡትና በክፍሉ ውስጥ ቀስ ብላችሁ እንድትዘዋወሩ አደራ እላለሁ። ቅጂው አራት ክፍሎች ያሉትና ሁሉም ረጃጅም ስለሆኑ፣ አራቱን ቆራርጦ ከመስማት አንዱን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው መስማት ይሻላል።