ሁለተኛው ቅጥር በሎድ ፎርሙ ላይ ይጻፍ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በሁለትና በሦስት ዩኒቨርሲቲ ስለሚያስተምሩ ፕሮፌሰሮች ሲነሳ ክርክሩ ከገንዘብ ይጀምራል። ተማሪውን የሚጎዳው ግን የሰዓቱ ነገር ነው።

ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ነው። ደሴ ላይ 12 ክሬዲት የያዘ መምህር ኮምቦልቻ ሦስት ኮርስ ሲጨምር በሳምንት 21 ሰዓት ክፍል ይገባል። ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ዝግጅትና እርማት ቢታሰብ 63 ይሞላል፤ ምርምሩና የሚያማክራቸው ተመራቂዎች ገና አልተቆጠሩም።

መንገዱም አለ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ጠመዝማዛ መውረድ ነው። ደሴ 4 ሰዓት ላይ ክፍል የጨረሰ ሰው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ኮምቦልቻ ሊያስተምር አይችልም። አንድ ከባድ መኪና መታጠፊያው ላይ ከተበላሸ ደግሞ ክፍለ ጊዜው በሙሉ ቀረ ማለት ነው። የቀረው በሜካፕ (በማካካሻ ትምህርት) ቅዳሜና እሁድ ይታጨቃል፤ በቀን 6 ሰዓት ከሆነ ሙሉ ኮርስ በአራት ሳምንት ያልቃል። ሰዓቱ ወረቀት ላይ ሞልቷል። ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ ግን ማን ይከታተላል? የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች በስላይድ ብቻ ይታደላሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የመውጫ ፈተና እነዚያንም ይጠይቃል፤ 50 ከመቶ ሳያመጣ የሚቀረው ልጁ ነው።

መከልከል አያዋጣም። ደመወዙ ቤተሰብ አያኖርም፤ ኮሌጆቹም ዶክትሬት ያለው ቋሚ መምህር እንደልብ አያገኙም። ሴሚስተሩ ሳይጀመር፣ ፕሮግራም ሳይለጠፍ አንድ ገጽ ይፈረም፦ የትኛው ኮርስ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ስንት ተማሪ እንደሚያማክር። ዋናው ቀጣሪ የመምህሩ የማስተማር ጫና በሚመዘገብበት ሎድ ፎርም ላይ «ከተቋሙ ውጭ» የሚል አምድ ይጨምር፤ ሁለተኛው ያለ ዋናው ቀጣሪ የፈቃድ ደብዳቤ ውል አይፈርም። የክፍል ተጠሪው በየክፍለ ጊዜው ይፈርም፤ የፓርት ታይም ክፍያም ከዚያ ወረቀት ይሠራ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ አንድ ሰው በሁለት ተቋም የቋሚ መምህራን ዝርዝር ላይ መግባቱ ነው። ያኔ አንደኛው ክፍል በወረቀት ብቻ መምህር አለው ማለት ነው። የኮሌጆቹን ፈቃድ የሚያድሰው አካል ሲቪ ከመሰብሰብ ይልቅ ሁለቱን የደመወዝ ዝርዝሮች በቲን ቁጥር ቢያመሳክር በአንድ ቀን ይለያቸዋል።

ከደሴ