ኮሪያ ላለው የአሜሪካ ወታደር ልጄ፦ ያመመህን አስጽፍ

የኔ ጌታ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እህትህን እንዳትቆጣት። እኔ ነኝ አስጨንቄ ያወጣጣኋት። ከከባድ መኪና ላይ ወድቀህ ጉልበትህን እንደተመታህ ነገረችኝ። ደረጃ ስትወርድ ታነክሳለህ አሉ። ሲክ ኮልም፣ ወታደር ጠዋት ጠዋት የሚታከምበት ጋ፣ አልሄድክም። «ሰነፍ ይሉኛል» ብለህ የሕመም ማስታገሻ ሞትሪን እየዋጥክ ትሠራለህ።

እኔ ስፈራ የነበረው ሌላ ነገር ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ስልኬ በ«ሰበር ዜና» ተጥለቀለቀ። የያኔው የኮሪያ ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል በሌሊት ወታደራዊ ሕግ አወጀ ተባለ። ወታደሮች መስኮት ሰብረው ፓርላማ ሲገቡ አየሁ። ነገሩ ስድስት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ተነሳ። እኔ ግን «ማሚ፣ ሰላም ነው» የሚለው ጽሑፍህ እስኪመጣ ድረስ እጄ ማማተቡን አላቆመም። ከሰሜን በኩል ቆሻሻ የታሰረበት ፊኛ ሲለቁባችሁም እንደዚሁ ነበርኩ። የሚሳይል ወሬ በሰማሁ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ለካ አንተ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ተጎድተህ ዝም ብለሃል። ይሄን የሚያወራ ዜና የለም።

ስለዚህ ስማኝ። ነገ ጠዋት ሲክ ኮል ትሄዳለህ። መቼ እንደወደቅክ፣ ከምን ላይ እንደወደቅክ፣ የቱ ጋ እንደሚያምህ ትናገራለህ። ሐኪሙ ሲጽፍ ታያለህ። ቅጂውን ትይዛለህ።

ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት ባሏ አርሚ ውስጥ ኖሮ ነው የወጣው። ወገቡን ኢራቅ እያለ ነው ያመመው። አንድም ቀን አላስመዘገበም። ከወጣ በኋላ ቪኤ፣ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት፣ ሲያመለክት ሦስት ነገር ጠየቁት። አሁን ያለበትን ሕመም፣ አገልግሎት ላይ እያለ የደረሰበትን ነገር፣ ሁለቱን የሚያያይዝ የሐኪም ቃል። መሀለኛው አልነበረውም። ያው፣ ሰውየው ዛሬም ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው። ኢራቅና አፍጋኒስታን ቆሻሻ በሚቃጠልባቸው ጉድጓዶች አጠገብ ያደሩትም «ሕመማችን ከጭሱ ነው» እያሉ ስንት ዓመት ተከራከሩ። ፓክት አክት የሚባለው ሕግ የወጣላቸው 2022 ላይ ነው። ያንን ሳያይ የሞተ ስንት አለ።

አንተ ልጅ፣ አስጽፍ።

የአያትህን ነገር ታውቃለህ፤ ግማሹን ነው ግን የምታውቀው። በ1945 ዓ.ም. ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘመተ። ከጅቡቲ በመርከብ ነው የሄዱት። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሆነው አንተ አሁን ካለህበት በስተሰሜን፣ ቾርወን አካባቢ ተራራ ላይ ነበሩ። ከቃኘው ከ120 በላይ ሰው ሞቷል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። አባቴ የሞርታር ፍንጣሪ ግራ ትከሻው ላይ ይዞ ተመለሰ። ክረምት ሲገባ ይጠዘጥዘዋል። እናቴ ጨው በጨርቅ አሙቃ ትይዝለት ነበር።

1970 ዓ.ም. ላይ ልጅ ነበርኩ። ከአሜሪካ ጎን ሆኖ ኮሚኒስት የወጋ ሰው በዚያን ጊዜ ምን እንደሚባል አባቴ ያውቀዋል። አንድ ማታ እናቴ መስኮቱን በጋቢ ጋረደችው። አባቴ ከሰል ምድጃው ፊት ተቀመጠ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት አንድ በአንድ ጨመረው። የሆስፒታሉም ወረቀት አብሮ ሄደ። ፎቶው ላይ ሲደርስ ቆመ። ዩኒፎርም ለብሶ ከአንድ ትንሽ የኮሪያ ልጅ ጋር የተነሳው ነው። አየው፣ አየው፤ ከዚያ ከተተው። ሜዳሊያዋን ብቻ እናቴ ነጥቃ በርበሬ ዕቃ ውስጥ ቀበረቻት። ከዓመታት በኋላ ስትወጣ ሰማያዊና ነጭ የነበረው ሪባን ቀልቶ ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ኮሪያኖች የቃኘውን ሰዎች መርዳት ጀመሩ። አባቴም ከሰው ጋር ተሰለፈ። እኔ ነኝ ይዤው የሄድኩት። «ማስረጃ?» አሉት። ሸሚዙን ፈቶ ትከሻውን አሳያቸው። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ልጅ «አባባ፣ ይሄ ከየት እንደመጣ እኛ በምን እናውቃለን?» አለው። አባቴ አልተቆጣም። ሸሚዙን ሳይቆልፍ ነው ቤት የገባው። አብረውት የዘመቱ ሰዎች ቀርበው እስኪመሰክሩለት ድረስ ዓመታት ሄዱ። ያኔ ደግሞ ከመኝታው የሚነሳበት አቅም አልነበረውም።

አባቴን ስለዚያ ተራራ አስቀምጬ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? እኔ የወረስኩት አንድ ሜዳሊያና የበርበሬ ሽታ ነው።

«እዚህ አሜሪካ ነው፤ ወረቀት አይጠፋም» እንዳትለኝ። ጁላይ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ ያለው የወታደር መዝገብ ቤት ተቃጥሏል። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል ነው የጠፋው። ከ1912 እስከ 1960 ከአርሚ ከተሰናበቱት ሰዎች መዝገብ 80 በመቶው ሄደ። ኮሪያ ከአባቴ ጎን የተዋጉት አሜሪካውያን ወረቀትም የነበረው እዚያ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተር ውስጥ አለ ብለህ አትተወው። አንድ ቅጂ አንተ ጋ፣ አንድ ቅጂ እኔ ጋ። የእኔን ከልደት ሰርተፊኬትህ ጋር ብረት ሳጥኑ ውስጥ አኖረዋለሁ።

እዚህ ሰው መኪናው ላይ ቢጫ ሪባን ይለጥፋል። ልጄ ወታደር ነው ስላቸው እጄን ጨብጠው ያመሰግኑኛል። ከልቤ ደስ ይለኛል፤ አንድ ጊዜማ ሱፐርማርኬት ውስጥ አልቅሻለሁ። ግን ልጄ፣ አርባ ዓመት ሲሞላህ ጉልበትህን የሚያክምልህ ያ ምስጋና አይደለም። ዛሬ የምታስጽፈው ወረቀት ነው።

ሰነፍ ይሉኛል ያልከውን ነገር ተወው። አያትህ ሰነፍ ነበር? ፍንጣሪ ይዞ ቦታውን ያልለቀቀ ሰው ነው። እሱም ቢሆን ሐኪም ፊት ቀርቦ ነበር፤ ወረቀቱን ነው ያጣው።

ሌላው፣ ጄኔሬተር ስትጠግን ጆሮህን ድፈን። ቪኤ ከሚከፍልባቸው ሕመሞች ሁሉ የበዛው የጆሮ ጩኸት ነው አሉ። ጆሮህ ከጮኸም አስጽፍ። የምትወጣበት ቀን ሲቃረብ ከ180 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ዩኒፎርም ሳታወልቅ ለቪኤ ማመልከት ይቻላል። ይሄን ስልክህ ላይ አሁኑኑ መዝግብ። የኤስጂኤልአይ የሕይወት መድንህ ላይ ማንን ወራሽ እንዳደረግክ አልጠይቅህም። ስሙ ትክክል መሆኑን ብቻ አይተህ ንገረኝ። ስለዚህ ነገር መጻፍ እጄን ያንቀጠቅጠኛል፤ ግን መባል አለበት።

በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የተቆላ ቡና በኤፒኦ፣ በወታደር ፖስታ አድራሻህ፣ ልኬልሃለሁ። ቅቤው እንዳይቀልጥ ብዬ ተውኩት። በሶውን ብቻህን እንዳትበላው፤ ያ የቴክሳሱ ጓደኛህ ወዶት ነበር።

ጉልበትህ ሲሻልህ ደግሞ ቹንቾን ሂድ። ከሴኡል በባቡር ብዙ አይርቅም። የቃኘው ሐውልት እዚያ ነው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. ጃንሆይ ራሳቸው በተገኙበት ነው የተመረቀው። አጠገቡ እንደ አገራችን ጎጆ ጣሪያ ያለው መታሰቢያ ቤት አለ። «ኢትዮጵያ» የሚባል የቡና ቤትም ከዚያ ዘመን ጀምሮ አለ አሉ። የአያትህን ስም ተናግረህ ሻማ አብራ። ፎቶ ላክልኝ። ብዙ ላክ።

ይሄ ግን ከሐኪሙ በኋላ ነው። እያነከስክ ደረጃ አትወጣም። እስከ እሁድ ድረስ የምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ካልላክልኝ፣ አለቃህን ፈልጌ እደውላለሁ። እንደማደርገው ታውቃለህ።

እናትህ